«ምስጠራው ተሰበረ» የሚል ዜና ሲመጣ እንዴት ልትመዝኑት ይገባል?

በ2011 አንድ ምሽት አለቃዬ ደወለልኝ። «ኤኢኤስ ተሰበረ እየተባለ ነው፤ ምን እናድርግ?» አለኝ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወሬው ከባዶ የተነሣ አልነበረም። አንድሬ ቦግዳኖቭ፣ ዲሚትሪ ኮቭራቶቪችና ክርስቲያን ሬክበርገር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ዓለም ሁሉ ምስጢሩን በአደራ የሰጠውን፣ ኤኢኤስ የተባለውን የምስጠራ ስልተ ቀመር፣ ቁልፎችን አንድ በአንድ ከመሞከር በጥቂቱ በሚፈጥን መንገድ ማጥቃት እንደሚቻል አሳይተው ነበር። እኔም ጥናቱን ሳላነብ «ሁሉንም ሥራ አቁመን ቁልፎቹን እናስረዝም» ብዬ መለስኩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ሌሊቱን ጨምረን፣ ከ128 ቢት ቁልፍ ወደ 256 ቢት ስንቀይር ሰነበትን። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የመጠባበቂያ ቅጂዎቹን ስትፈትሽ፣ ያን ያህል የለፋንባቸው ቁልፎች ሠራተኛው ሁሉ ሊከፍተው በሚችለው ማኅደር ውስጥ፣ በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ተዘርዝረው አገኘቻቸው። በሬ ሆይ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው በእኛ ላይ ደረሰ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ አንድ ወረቀት አወጣለሁ፤ ጥናቱን እያነበብኩ የተወሰኑ ጥያቄዎችን እመልሳለሁ፤ ውሳኔ የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሰርቨር ለሚያስተዳድር፣ ሶፍትዌር ለሚጽፍ፣ ወይም የሌሎች ሰዎችን መረጃ በኃላፊነት ለሚጠብቅ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን አሠራሩን እንዳለ አቀርበዋለሁ።

የተጠቃው ሙሉው ነው ወይስ ከፊሉ?

መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ኤኢኤስ መረጃውን ደጋግሞ በዙር ያማስለዋል፤ ቁልፉ 128 ቢት ከሆነ 10 ዙር፣ 192 ከሆነ 12፣ 256 ከሆነ ደግሞ 14 ዙር። አብዛኞቹ ጥናቶች የሚያጠቁት ዙሩ የተቀነሰበትን ነው። «በ7 ዙር ኤኢኤስ ላይ የተደረገ ጥቃት» የሚል ርእስ ካያችሁ፣ የእናንተ ኮምፒውተር የሚጠቀመው 10 ዙሩን መሆኑን አስታውሱ። ይሁን እንጂ ጥናቱን ወደ ጎን አትጣሉት። በተጠቃውና በሙሉው መካከል የቀሩት ዙሮች የደኅንነት አጥሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራሉና፣ እኔ ቁጥሩን መዝግቤ አስቀምጠዋለሁ።

የድካሙን ቁጥር በእጃችሁ አስሉት

ጥናቱ የጥቃቱን ክብደት በ2 ርቢ ይገልጸዋል። የ2011ዱ ጥቃት በ128 ቢት ኤኢኤስ ላይ የጠየቀው ድካም 126.1 ቢት ነበር። ይህ ማለት በግምት 126 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝታችሁ የምታገኙትን ያህል ሙከራ ማድረግ ነው። አንድ ቢት በጨመረ ቁጥር ሥራው እጥፍ ይሆናል፤ በቀነሰ ቁጥር ደግሞ ይጋመሳል።

ስሌቱን እኔ እንዲህ ነው የምሠራው፤ መቀነስ ብቻ ስለሆነ ማንም ሊሠራው ይችላል። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቁልፍ የሚሞክር ማሽን አስቡ፤ አንድ ቢሊዮን ማለት 30 ቢት ገደማ ነው። እንዲህ ያሉ ማሽኖች አንድ ቢሊዮን ይኑሩ፤ ሌላ 30 ቢት። በአንድ ዓመት ውስጥ ያለው ሰከንድ ደግሞ 25 ቢት ያህላል። ሦስቱ ሲደመሩ 85 ይሆናሉ። ከ126 ላይ 85 ሲቀነስ 41 ቢት ይቀራል፤ የቀረውም የዓመታት ቁጥር ነው፦ ከ2 ትሪሊዮን ዓመት በላይ። የጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ቢሊዮን ማሽን ይዞ የተነሣው አጥቂ የጽንፈ ዓለሙን ዕድሜ ከ150 ጊዜ በላይ መጠበቅ አለበት። ይህን ስሌት በዚያች ምሽት ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ሳምንት ቁልፎቹ የተቀመጡበትን ቦታ በመፈተሽ እናሳልፈው ነበር።

አሁን በዚሁ መንገድ ዲኢኤስ የተባለውን የ1970ዎቹን የምስጠራ ስልተ ቀመር እዩት። ቁልፉ 56 ቢት ነው። ከ56 ላይ የአንዱን ማሽን 30 ቢት ብትቀንሱ 26 ቢት ሰከንድ ይቀራል፤ ይህም ለአንድ ማሽን ሁለት ዓመት ያህል ነው። ማሽኖቹን ወደ መቶ ብታሳድጓቸው ጉዳዩ በሳምንት ያልቃል። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በ1998 ከ250,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ለዚሁ የሠራው ማሽን ቁልፉን በ56 ሰዓት አግኝቶታል።

በግምት የምመራባቸው እርከኖች አሉኝ። ከ64 ቢት በታች ያለ ድካም ገንዘብ ላለው ሰው የተሠራ ሥራ ነው። ከ64 እስከ 80 ያለውን እንደሚመጣ አደጋ እቆጥራለሁ። ከ80 እስከ 110 ባለው ላይ የመውጫ ዕቅድ ማውጣት እጀምራለሁ። ከዚያ በላይ ላለው የሌሊት እንቅልፌን አልሰጥም።

አጥቂው አስቀድሞ ምን በእጁ ሊኖረው ይገባል?

ዜና ጸሐፊዎች ሁሌም የሚዘሉት ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ የምቆየው እዚህ ላይ ነው።

ጃፓናዊው ሚትሱሩ ማትሱይ በ1993 ዲኢኤስን የሚያጠቃ ዘዴ አሳተመ፤ በተከታዩ ዓመትም ዘዴውን ወደ 43 ቢት አውርዶ በ12 ኮምፒውተሮች፣ በ50 ቀን ሠርቶ አሳየ። ከ56 ወደ 43 መውረድ ትልቅ ዝላይ ነው። ነገር ግን አጥቂው ያን ያህል ብዛት ያላቸው ጥሬ (ያልተመሰጠሩ) የጽሑፍ ብሎኮች ከነተመሰጠሩት ቅጂያቸው በእጁ ሊገቡለት ይገባል፤ ብሎክ ማለት ስልተ ቀመሩ በአንድ ጊዜ የሚመሰጥረው ቁራጭ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ 8 ባይት ስለሆነ ጥሬ ጽሑፉ ብቻ 70 ቴራባይት ያህላል፤ ያውም በሙሉ በአንድ ቁልፍ የተመሰጠረ። ይህን የሚሰጠው ሞኝ ባለቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። ከላይ ያነሣሁት የ1998ቱ ማሽን ግን የሚፈልገው ጥቂት ብሎኮችን ብቻ ነበር። ስለዚህ ዲኢኤስን ከጥቅም ውጪ ያደረገው ረቂቁ ሒሳብ ሳይሆን የቁልፉ ማጠር ነው።

በሌላ በኩል «ይህ ሁኔታ በተግባር አይገኝም» ብላችሁ ስትደመድሙ ተጠንቀቁ። በ2009 አሌክስ ቢርዩኮቭና ኮቭራቶቪች 256 ቢት ቁልፍ ያለውን ኤኢኤስ በ99.5 ቢት የሚያጠቃ ዘዴ አቀረቡ። ዘዴው የሚሠራው አጥቂው በመካከላቸው ያለውን ዝምድና በሚያውቃቸው የተለያዩ ቁልፎች የተመሰጠረ መረጃ ሲያገኝ ብቻ ነው። ቁልፎቻችሁን እያንዳንዳቸውን በዘፈቀደ የምታመነጩ ከሆነ ዝምድና የሚባል ነገር የለም፤ ጥቃቱም አይነካችሁም። ታዲያ ይህን የማይመስል ዝምድና ራሱ ፕሮግራመሩ ሲፈጥረው ስንት ጊዜ አይቻለሁ! አንዱ በቁልፉ ላይ ቀኑን ይደምርበታል፤ ሌላው ከአንድ ቁልፍ ላይ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቀጥላል።

የገመድ አልባ ኔትወርክ የመጀመሪያ ጥበቃ የነበረው ዌፕ የወደቀው በዚሁ በር በኩል ነው። አርሲ4 ለሚባለው ስልተ ቀመር ቁልፍ ሲያዘጋጅ፣ በአየር ላይ በግልጽ የሚላክ የ24 ቢት ቁጥር ከማይለወጠው ምስጢር ፊት ይቀጥል ነበር። እያንዳንዱ ፓኬት፣ ማለትም በኔትወርኩ የሚላክ የመረጃ ቁራጭ፣ በተዛመደ ቁልፍ ተመሰጠረ ማለት ነው። ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር ድክመቱን በ2001 አሳዩ። በ2007 ደግሞ 40,000 ፓኬት የሰበሰበ ሰው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ ከሁለት ሙከራ በአንዱ ቁልፉን የሚያገኝበት ደረጃ ላይ ተደረሰ። በወረቀት ላይ ያለው «አጥቂው ይህ ይኑረው» የሚል ቅድመ ሁኔታ በእናንተው ፕሮግራም ውስጥ ተሟልቶ እንዳይገኝ፣ ጥናቱን ካነበባችሁ በኋላ የራሳችሁን ኮድ ክፈቱ።

ጥቃቱ ሲሳካ የሚያስገኘው ምንድን ነው?

ኤምዲ5 የፋይል አሻራ የሚያወጣ ስልተ ቀመር ነው፤ ሃሽ እንለዋለን። ዛሬ አንድ ዓይነት የኤምዲ5 አሻራ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፋይሎችን መሥራት በተራ ኮምፒውተር የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ሆኖም አሻራውን ብቻ ይዞ ለዚያ አሻራ የሚገጥም ፋይል ለማግኘት የሚታወቀው የተሻለው ዘዴ አሁንም 123.4 ቢት ይጠይቃል። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ አደጋዎች ናቸው፤ «ኤምዲ5 ተሰብሯል» የሚለው አባባል ግን ሁለቱን አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው «እኛ ለምን እንጠቀምበታለን?» ብዬ ነው። ለዲጂታል ፊርማ ከሆነ ነገሩ አልቋል። በ2008 ተመራማሪዎች 200 ፕሌይስቴሽን 3 አያይዘው የትኛውም የኢንተርኔት ማሰሻ የሚቀበለውን የሐሰት ሰርቲፊኬት ሰጪ (የድረ ገጾችን ማንነት የሚያረጋግጥ አካል) ፈጥረዋል፤ በ2012 የተጋለጠው ፍሌም የተባለው ሰላይ ፕሮግራም በዚሁ ዓይነት ዘዴ የማይክሮሶፍትን ፊርማ አስመስሏል። ፋይል ሲገለበጥ በአጋጣሚ መበላሸት አለመበላሸቱን ለማየት ከሆነ ግን ኤምዲ5 ዛሬም ሥራውን ይሠራል። ለይለፍ ቃል ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከሁለቱም ጥቃት ጋር አይገናኝም። ኤምዲ5 ለዚያ የማይመቸው በጣም ፈጣን ስለሆነ ነው፤ የተሰረቀ ዝርዝር የያዘ ሌባ በሰከንድ ቢሊዮኖችን ይገምታል። ለይለፍ ቃል ሆን ተብለው እንዲዘገዩ የተሠሩትን፣ ለምሳሌ አርጎን2ን ወይም ቢክሪፕትን ተጠቀሙ።

ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሟል?

ሻ-1 በተባለው የሃሽ ስልተ ቀመር ላይ ግጭት፣ ማለትም አንድ ዓይነት አሻራ ያላቸው ሁለት ፋይሎችን፣ ለማግኘት 80 ቢት ያስፈልጋል ተብሎ ይታመን ነበር። በ2005 ቻይናዊቷ ዋንግ ሺያዩንና ባልደረቦቿ 69 አደረሱት። በ2017 አምስተርዳም የሚገኘው የሲደብልዩአይ ተቋምና ጉግል አንድ ዓይነት አሻራ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፒዲኤፍ ፋይሎችን አሳተሙ፤ የወሰደው ድካም 63 ቢት ገደማ ነበር። በ2020 ጋኤታን ልራንና ቶማስ ፔይራን የባሰውን ዓይነት፣ አጥቂው የሁለቱን ፋይሎች መጀመሪያ እንደፈለገ የሚመርጥበትን ግጭት ሠሩት፤ ወጪውንም 45,000 ዶላር ያህል አድርገው ገመቱት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ከ2005 እስከ 2017 ባለው ጊዜ ውስጥ «ገና ንድፈ ሐሳብ ነው» የሚል ድምፅ በየስብሰባው እሰማ ነበር። ነገር ግን ከ80 ወደ 69 የወረደ ቁጥር ወደ ላይ አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነበር፤ 12 ዓመት በቂ ጊዜ ነው።

በአንጻሩ የኤኢኤስ ቁጥር ከ2011 ወዲህ ከቦታው የተነቃነቀው በጣት ስንዝር ነው። ስለዚህ በወረቀቴ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ዓመቱን እጽፋለሁ። አንድ ነጥብ ብቻ ካለ እጠብቃለሁ፤ ሁለት ነጥቦች ወደ ታች የሚሄድ መስመር ከሠሩ መቀየር እጀምራለሁ።

ውሳኔው በተግባር ሲታይ

በ2016 ካርቲኬያን ባርጋቫንና ልራን «ስዊት32» የተባለውን ጥቃት አወጡ። የሚመለከተው 64 ቢት ብሎክ ያላቸውን፣ በተለይም ሦስቴ-ዲኢኤስን (ዲኢኤስ ሦስት ጊዜ የሚደገምበትን) እና ብሎውፊሽ የተባለውን ስልተ ቀመር ነበር። እኛ ዘንድ ሦስቴ-ዲኢኤስ የለም ብዬ እምል ነበር። ቢሆንም የእያንዳንዱን ሰርቨር ቅንብር እየከፈትኩ ስፈትሽ፣ ሁለት ቢሮዎችን የሚያገናኝና ሌሊት ሌሊት የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያልፍበት አንድ የቆየ መስመር በእርሱ ሲሠራ አገኘሁ።

አደጋው እንዲህ ነው። ሲቢሲ በሚባለው አሠራር እያንዳንዱ ብሎክ ከመመስጠሩ በፊት ከቀደመው የተመሰጠረ ብሎክ ጋር ቢት በቢት ይነጻጸራል፤ ተመሳሳይ ከሆኑ 0፣ ከተለያዩ 1 ይጻፋል። የተመሰጠሩት ብሎኮች በበዙ ቁጥር ሁለቱ በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ሆነው የሚገኙበት ዕድል ይጨምራል። ብሎኩ 64 ቢት ሲሆን ይህ ዕድል የሚያሰጋው ከ32 ቢት ብዛት (4 ቢሊዮን ገደማ) ብሎኮች በኋላ፣ ማለትም 34 ጊጋባይት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ብሎኮች የታዩለት አጥቂ፣ ከእነርሱ በፊት የነበሩትን ሁለት የተመሰጠሩ ብሎኮች ቢያነጻጽር የሁለቱን ጥሬ ጽሑፎች ልዩነት በቀጥታ ያገኛል። አንደኛውን ጽሑፍ ካወቀው፣ ለምሳሌ ሁሌም የሚደጋገም የፋይል መግቢያ ከሆነ፣ ሁለተኛውን አነበበው ማለት ነው። ቁልፉን መንካት እንኳ አላስፈለገውም።

ተመራማሪዎቹ በሠርቶ ማሳያቸው በኢንተርኔት ማሰሻ ላይ አንድ ምስጢራዊ ኩኪ (ማሰሻው ተጠቃሚውን ለድረ ገጹ የሚያስታውቅበትን ትንሽ መረጃ) ለማውጣት 785 ጊጋባይት ያህል ትራፊክ ሰብስበዋል፤ ከሁለት ቀን ያነሰ ጊዜ ወሰደባቸው። በእኛ መስመር በየሌሊቱ 200 ጊጋባይት ያልፍ ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ መሣሪያው ጠፍቶ ካልበራ በቀር አይለወጥም፤ መሣሪያው ለወራት አልጠፋም። በወረቀት ላይ ያለው ቅድመ ሁኔታ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ተሟልቶ ነበር።

በዚያው ሌሊት መስመሩ በየ1 ጊጋባይቱ ቁልፍ እንዲለውጥ አደረግሁ። ይህ አንድ መስመር ቅንብር ነው፤ ሥራም አያስቆምም። ሙሉ መፍትሔው፣ ማለትም መሣሪያዎቹን ኤኢኤስ በሚችሉ መተካት፣ የአራት ወር ሥራ ሆነ። እናንተም መፍትሔን ሁለት ቦታ ክፈሉት፦ ዛሬ ማታ ሥራ ሳይቆም ሊደረግ የሚችለው፣ እና በዕቅድ የሚሠራው። ሁለተኛውን እስኪያልቅ እየጠበቁ የመጀመሪያውን መተው በሙያችን ውስጥ ከማየው ስሕተት ሁሉ ይልቅ ያንገበግበኛል።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ግን ምን እንደምትጠቀሙ ስታውቁ ነው። ዜና ከመምጣቱ በፊት መዝገብ ሥሩ፦ የትኛው አገልግሎት፣ በየትኛው ስልተ ቀመር፣ በየትኛው አሠራር፣ የቁልፉ ርዝመት፣ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ፣ በስንት ጊዜ እንደሚቀየር። የእኔ መዝገብ ተራ ሠንጠረዥ ነው። ስሠራው ካሰብኩት በላይ ብዙ ቀን ወስዶብኛል።

ከስልተ ቀመሩ ውጭ ያሉትን ነገሮች በአጭሩ ልንካቸው። በ2002 ሰርዥ ቮደኔ፣ የመጨረሻው ብሎክ ሳይሞላ ሲቀር በተጨማሪ ባይቶች ይሞላልና፣ ሰርቨሩ «የመጨረሻው ብሎክ አሞላል ተሳስቷል» ብሎ ከመለሰ፣ አጥቂው ለአንድ ባይት ቢበዛ 256 ጊዜ እየጠየቀ መልእክቱን ሊያነብ እንደሚችል አሳይቷል። ኤኢኤስም ቢሆን ከዚህ አያድንም። ስለዚህ ምስጢርንና ትክክለኛነትን አብረው የሚጠብቁትን ኤኢኤስ-ጂሲኤምን ወይም ቻቻ20-ፖሊ1305ን ምረጡ፤ በአንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት የመነሻ ቁጥር (ለእያንዳንዱ መልእክት ለብቻው የሚሰጠውን ቁጥር) ፈጽሞ አትጠቀሙ። የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫችሁንም እዩ። ከ2006 እስከ 2008 ዴቢያን በተባለው ሊኑክስ ላይ በአንድ የኮድ ለውጥ ምክንያት ሊፈጠሩ የሚችሉት ቁልፎች ለእያንዳንዱ ዓይነትና ርዝመት ወደ 32,768 ወርደው ነበር። የ15 ቢት ድካም ማለት ነው፤ ሒሳቡን አሁን ታውቁታላችሁ።

ስለ ኳንተም ለሚጠይቁኝ

ፒተር ሾር በ1994 ያሳየው ስልተ ቀመር በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ሲኖር፣ ለቁልፍ መለዋወጥና ለፊርማ የምንጠቀምባቸውን ዘዴዎች፣ ማለትም ትልቅ ቁጥርን ወደ ማባዣዎቹ መከፋፈል ከባድ በመሆኑ ላይ የቆመውን አርኤስኤንና ኤሊፕቲክ ከርቭ በሚባል ሒሳብ ላይ የቆሙትን ያፈርሳቸዋል። የሎቭ ግሮቨር የ1996 ስልተ ቀመር ደግሞ በኤኢኤስ ላይ ያለውን ድካም በቢት ቢበዛ በግማሽ ይቀንሳል፤ ለዚህ 256 ቢት ቁልፍ በቂ ነው። በተራ ኮምፒውተር እስከ 2020 ወደ ማባዣዎቹ የተከፋፈለው ትልቁ የአርኤስኤ ውድድር ቁጥር 829 ቢት ነበር፤ እኛ የምንጠቀመው ከ2048 ጀምሮ ነው።

እኔ የምጠይቀው ግን ኳንተም ኮምፒውተሩ መቼ ይመጣል ብዬ አይደለም፤ መረጃው እስከ መቼ ምስጢር ሆኖ መቆየት አለበት ብዬ ነው። የዛሬውን ትራፊክ ቀድቶ አስቀምጦ በኋላ የሚከፍት አጥቂ ይኖራልና፣ ለ20 ዓመት መጠበቅ ያለበት የሕክምና መዝገብ ዛሬ በአርኤስኤ ብቻ መላክ የለበትም። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም በነሐሴ 2024 ሦስት አዳዲስ ደረጃዎችን አጽድቋል፤ ከመካከላቸው ለቁልፍ መለዋወጫ የሚሆነው ኤምኤል-ኬም ይባላል። እርሱን ብቻውን ሳይሆን ከነባሩ ኤሊፕቲክ ከርቭ ጋር አጣምሩት፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል።

ማጣመር አስፈላጊ የሆነበትን ምክንያት በሐምሌ 2022 አይተነዋል። ይኸው ተቋም አዳዲስ ደረጃዎችን ለመምረጥ ላካሄደው ውድድር ከቀረቡት አንዱ የነበረውን፣ ሳይክ የተባለውን የቁልፍ መለዋወጫ ዘዴ ቫውተር ካስትሪክና ቶማስ ዴክሩ ሲሰብሩት ለዝቅተኛው ደረጃ የፈጀባቸው በአንድ ፕሮሰሰር ኮር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ቀስ እያለ የሚወርድ ቁጥር አልነበረም፤ በአንድ ጊዜ ተናደ። ያን ቀን አለቃዬ ደግሞ ደወለ። ወረቀቴን አውጥቼ፣ መዝገቡን ከፍቼ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይህን ጻፍኩለት፦

«የተሰበረው ሳይክ ነው፤ ሙሉ በሙሉ። ኤኢኤስና ሌሎቹ አልተነኩም። እኛ ዘንድ የነበረው በአንድ የሙከራ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው፤ አሁን አጥፍቼዋለሁ። ከነባሩ ጋር ተጣምሮ ስለነበር እስካሁን ያለፈው ትራፊክ አልተጋለጠም። የሰርቨሩን ቁልፎች ነገ ጠዋት እቀይራለሁ፤ የተቀመጡበትን ማኅደር ፈቃድም አብሬ አያለሁ።»